ለባናው ስንል ያሳለፍነው ቀጠሮ

ኅዳር ሚካኤል በዋለ ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ ሴት ልጃችን ሞተች። የኖረችው ሠላሳ አንድ ሰዓት ነው። የተወለደችው በሰባተኛው ወር ሲሆን ስም አልወጣላትም ነበር።

ሰዓቱን የማውቀው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት ስላየሁ ነው። አዋላጇም ካርዱ ላይ ያንኑ ጻፈች። ለጋዜጣና ለሬዲዮ በሠራሁባቸው ከሃያ በላይ ዓመታት አንድን ነገር ሁለት ሰው ካላረጋገጠልኝ አልጽፍም፤ በዚያም ቀን ይህን ልማድ አልተውኩም። ባለቤቴ በኋላ "ሰዓቱን ስትጽፍ አይቼሃለሁ" አለችኝ። አልወቀሰችኝም። ማየቷን ብቻ ነው የነገረችኝ።

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ፍትሐት የለውም። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እኔና ሁለት ጎረቤቶች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ቀበርናት። የኅዳር ነፋስ አካፋ የያዘ እጅ ይቆረጥም ነበር። ስንመለስ ደጃችን ላይ ድንኳን አልተተከለም፤ አግዳሚ ወንበርም አልወጣም። መንገድ ላይ ያገኙን ሰዎች "እግዜር ሌላ ይስጣችሁ" እያሉ አለፉ፤ ብዙዎቹ እየተጣደፉ።

በነጋታው የእድራችን ዳኛ መጡ። ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሽን ድምፅ ላይ ሲጮኹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቀስ ብለው መናገር አይችሉበትም። ያን ቀን ግን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ባለቤቴ አልጋ ላይ ነበረች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ሕጉ ድንኳን አይፈቅድም" አሏት። "ክርስትና ላልተነሳ... ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። እኔ እድር ስገባም እንዲሁ ነበር።"

"ድንኳን አልጠየቅኩም አባባ።"

"አውቃለሁ። ባትጠይቂም ልንገርሽ ብዬ ነው። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ጠልቶኝ ነው እንዳትይ።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ዳኛው ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "የሚባለው ጠፍቶን ነው" አሉ።

ከመውለዷ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታት የሆነውን በቅደም ተከተል መጻፍ እችላለሁ። መጀመሪያ የባለቤቴ እግር ጫማው ውስጥ አልገባ አለ። ኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስለምትቆም ነው ብለን አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዛን። የመረጥኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ፊቷ ሞላ። እኛ አገር ብርዱ ፊት ያከሳል፣ ያጠቁራል፤ ስለዚህ የሞላ ፊት ያየ ሰው ደስ ይለዋል። ጎረቤታችን "ተስማምቶሻል" አለቻት። ሊያርሷት ከአንኮበር ቀድመው የመጡት አማቴም አገላብጠው አዩዋትና ያንኑ ደገሙ። ሁለት ምንጭ አገኘሁ ማለት ነው፤ እኔም አመንኩ። በሦስተኛው ሳምንት ራስ ምታቱ መጣ። አማቴ ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ቅጠሉንም ግንባሯ ላይ አሹላት። በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ቆማ ራሷ ሰሌዳው ላይ የጻፈችው አልነበብ አላት። ቤት መጥታ "ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ይታየኛል" አለች።

ሆስፒታል ግፊቷን የለካችው አዋላጅ ነርስ ወጣት ናት፤ ሁላችንም ሲስተር ነው የምንላት። ለክታ እንደጨረሰች "ካበጠች ስንት ጊዜዋ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"አላበጠችም ልጄ፣ ተስማምቷት ነው" አሉ አማቴ።

ሲስተር ቀና ብላ አየቻቸው። በር ከፍታ ዶክተር ጠራች።

ይህ የሆነው ኅዳር ሚካኤል ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በእርግዝና ላይ የሚመጣ የደም ግፊት እንደሆነ፣ ልጁ ካልወጣ እናቲቱም እንደምትሞት የተነገረን በዚያ ምሽት ነበር።

በአርባኛው ቀን ባለቤቴ ለምርመራ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ሲስተር ግፊቷን ለክታ ደህና መሆኑን ከነገረቻት በኋላ ከመሳቢያዋ አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። ባለቤቴን የትኛውን ምልክት መቼ እንዳየች፣ ምልክቱንም ሰው ምን ብሎ እንደጠራው ጠየቀቻት፤ መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፈች። ጫማው፣ ፊቷ፣ ምቹ፣ ብልጭልጩ ሁሉ በተራ ተጻፈ።

"ምን ታደርጊዋለሽ?" አለች ባለቤቴ።

"ከባልደረቦቼ ጋር ጥናት ልንሠራበት እንፈልጋለን። በአንኮበር ቀበሌዎች እየዞርን እርጉዞችን ልንለካ፣ እያንዳንዷ ሴት እብጠቱንና ራስ ምታቱን ምን ብላ እንደምትጠራው ልንጠይቅ። ለምን አብዛኞቹ ዐይናቸው ሲጨልም ብቻ እንደሚመጡ ማወቅ አለብን።"

"ለምን አልጀመራችሁም?"

"መለኪያ የለ፣ መኪና የለ። ወረቀቱ ግን አልቋል" ብላ ሳቀች። ባለቤቴ አልሳቀችም። ቤት እንደገባን ኮቷን ሳታወልቅ "እኔ አመጣላታለሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው፤ አሳጥሬ እጽፈዋለሁ። ባለቤቴ በትምህርት ቤቷ ወላጆችን ሰብስባ ተናገረች። የእድሩ ዳኛ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ድምፃቸው ተመልሶላቸው፣ "ለዚያች ልጅ ድንኳን አልተከልንም፤ እንግዲያው ለለቅሶ ቤት ይዞ ሊመጣ የነበረውን ሁሉም ለዚህ ጥናት ያምጣ!" አሉ። አንድ ሰው ከኋላ "ንፍሮም ጭምር?" ሲላቸው "ያንተን ንፍሮ ማን ይበላዋል፣ ጥርስ ይሰብራል!" አሉት። ሰው ሳቀ፤ አመጣም። አማቴ ደግሞ አንኮበር ላይ የሰፈራቸውን ሴቶች ይዘው ሱፍ ማሰባሰብ ጀመሩ። እያንዳንዷ ከበጎቿ የተሸለተውን ሱፍ አወጣች። አጥበው፣ ነድፈው፣ ክረምቱን ሙሉ በእንዝርት ፈተሉት። ባና ሊሠሩበት ነው፤ የእኛ አገር ብርድ የሚፈራው ያ ከባድ የሱፍ ልብስ። ሲያልቅ በገበያ ቀን በጨረታ ሊሸጥ፣ ሲስተርም እዚያው ሴቶችን እየለካች ሥራዋን ልትጀምር ተስማሙ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባለቤቴ እንደፀነሰች ነገረችኝ። በረዶ እየዘነበ ነበር፤ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ቃሏን በደንብ ስላልሰማሁት ደግማ ነገረችኝ።

"በዚህኛው ለማንም አንናገርም" አለች።

የመጀመሪያውን ለሁሉም ነግረን ነበር። አማቴ በልጃችን ሞት ያደረባቸው ጥርጣሬ የሰው ዐይን ነው። ባለቤቴን በዐይን ታምኚያለሽ ወይ አልኳት።

"አላምንም። ግን አልደፍረውም።"

"ለሲስተርስ?"

"ለእሷም። እሷ ካወቀች ፊት ፊቷን ሳይ ልውል ነው። ያን ቀን በር ስትከፍት ያየሁትን ፊት ሁለተኛ ማየት አልችልም።"

ተስማማሁ። እርግዝናውን ለመከታተል ማንም በማያውቃት ሌላ ከተማ ያለ ክሊኒክ መረጠች። ጥቅምት ላይ ሄደች፤ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ብቻዋን ነበረች። ስትመለስ ግፊቷ ደህና መሆኑን ነገረችኝ። ቀጣዩ ቀጠሮ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነበር። በዚያ ሳምንት ሸማኔው ባናውን ሊጨርስ ስለሆነ አንኮበር መውረድ ነበረባት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትሄዳለች አልን። በሚቀጥለው ሳምንት ፈተና ነበር። ከዚያ ገና ገባ። ከዚያ ጥምቀት። ማስታወሻዬ ላይ "ቀጠሮ፣ ከጨረታው በኋላ ሰኞ" የሚል ጽሑፍ አለ። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው።

ሆዷን ማንም አላየባትም። ደብረ ብርሃን ላይ በጥር ወር ሰው ሁሉ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ፣ ጋቢ ጨምሮ ነው የሚሄደው። አላየባትም ስል ማንም አልጠየቀንም ማለቴ ነው።

ጨረታው ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ሆነ። አንድ ሚኒባስ ተከራይተን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን፤ ባለቤቴ፣ ሲስተር፣ የእድሩ ዳኛና እኔ። መንገድ ዳር ያለው ሣር በውርጭ ነጭ ነበር። ዳኛው ከፊት ተቀምጠው ለሾፌሩ ስለ ድሮ አለቆቻቸው ያወሩለት ነበር። ገደሉ አፋፍ ስንደርስ ከቆላ የሚወጣው ጉም መንገዱን ሸፈነው፤ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በእግር የመሄድ ያህል ይነዳ ጀመር። ባለቤቴ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ዐይኗን ጨፍናለች።

"ራስሽን ነው?" አልኳት ቀስ ብዬ።

"መንገዱ ነው።"

ከመንገዱ በፊት፣ ቤት ሳለን ሻይዋን ሳትጨርስ ግንባሯን ስትይዝ አይቻለሁ። ሲስተር ከኋላ ወንበር በመዋጮው የተገዙትን የመለኪያዎች ሳጥን አቅፋ ተቀምጣለች። በእሷና በእኛ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ርቀት ነበር። ዞር ብዬ ምንም አልተናገርኩም።

ጎረቤላ፣ የአንኮበር ሰው የሚገበይባት ከተማ፣ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። አማቴና ሴቶቹ ባናውን አንድ አጥር ላይ ዘርግተውታል፤ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሳ ነበር። ባለቤቴን የሚያውቁ ሴቶች ከበቧት።

"ውይ እቴ፣ እንዴት ተስማምቶሻል!"

"ደብረ ብርሃን ነው እንዲህ የሚያቀላ? እኛንም ውሰዱን እንጂ!"

"ጉንጯን እዩዋት፣ ሙልት ብላ የለ!"

ተስማምቶሻል የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ሰማሁት። በአራተኛው ጊዜ አማቴን ፈልጌ አየሁ። አማቴ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ዳኛው አንድ ድንጋይ ላይ ወጥተው ጨረታውን ከፈቱ። ገንዘብ ያልያዘ ባለው እንዲጫረት ስለተፈቀደ ነገሩ ቶሎ ደመቀ።

"ይሄን ባና የለበሰ ሰው የሚስቱን ኩርፊያ አይፈራም!" አሉ ዳኛው። "ማን ጀመረ?"

"ሁለት ቁና ገብስ!"

"ገብስ? ባናው በቅሎ መሰለህ እንዴ? ቀጥሉ!"

"አንድ ሙክት!"

"ሙክቱ የታለ?"

"ቤት ነው ያለው!"

"ከሚስትህ ተማክረሃል ወይስ እሷ ዛሬ ማታ ነው የምትሰማው?"

ሰው አሽካካ። ከዚያ ከአልዩ አምባ የመጣ አንድ በርበሬ ነጋዴ፣ ጢሙ ሄና የተቀባ ረጅም ሰው፣ እጁን አነሳ።

"አንድ ጆንያ በርበሬ!"

"ሼህ፣ እናንተ ቆለኞች ባና ምን ያደርግላችኋል? ተቀቅላችሁ ልትሞቱ ነው?"

"ወላሂ ለብርዱ አይደለም! ይዤባችሁ ወርጄ ደገኞች ስትንቀጠቀጡ ቁጭ ብዬ ለማየት ነው!"

ጆንያውን የሚያልፍ ጠፋና ባናው ለነጋዴው ሆነ። ሰው ሲያጨበጭብለት ባናውን በእጁ ዳሰስ አድርጎ "መልሼ ሰጥቻለሁ፤ እንደገና ይጫረት" አለ። ከሰዉ ወጥቶ እኔ ወዳለሁበት ሲመጣ ለምን መለስከው ብዬ ጠየቅኩት፤ ማስታወሻዬን ይዤ ነበር።

"የመጀመሪያይቱ ባለቤቴ በሰባት ወሯ ነው የሄደችው፣ ከነልጁ" አለኝ። "እግሯ አበጠ፣ ፊቷ አበጠ። እኛ አገር ሙቀቱ ነው፣ ውሃው ነው እንላለን። ሌላ ውሃ አመጣንላት።" ወደ ሴቶቹ ዞረ። "ያንተይቱ ያቺ ናት፣ አስተማሪዋ?"

"አዎ።"

አየት አደረጋት። ሊናገር አስቦ ነበር መሰለኝ፤ ተወው። "አላህ ይጠብቃት" ብሎኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ሲስተር በሌላው በኩል ጠረጴዛ ዘርግታ ሴቶቹን ታስተምር ነበር። መለኪያውን እያሳየች "ይሄ ክንድ ላይ ይታሰራል፤ ሁለት ቁጥር ይሰጠናል። እርጉዝ ሴት ላይ የላይኛው መቶ አርባ ወይም የታችኛው ዘጠና ከደረሰ ቤቷ መቀመጥ የለባትም፤ ጤና ጣቢያ ትምጣ" አለች። ሴቶቹ ይሰማሉ እንጂ የሚጠጋ የለም።

"ደም ይቀዳል?" አለች አንዷ።

"አይቀዳም።"

"እኔ ክንዴን ከባሌ በቀር ማንም ይዞት አያውቅም" አለች ሌላዋ፤ ሴቶቹ ተሳሳቁ።

"ባልሽስ መቼ ያዘሽ፣ እሱ የሚይዘው ጠላውን ነው!"

ሳቁ ቢቀጥልም የሚቀመጥ ጠፋ። ይሄኔ ባለቤቴ ከመካከላቸው ወጣች። "በእኔ አሳዪአቸው ሲስተር" ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ጋቢዋን ከትከሻዋ ገፋ፣ የሹራቧን እጅጌ ሰብሰብ አደረገች። ከእሷ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት። ማስቆም እችል ነበር፤ ምክንያት መስጠት ግን ነበረብኝ።

ሲስተር ጨርቁን አሰረች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፣ እየጨመቀች ነፋችው፣ ቀስ ብላ ለቀቀችው። "አያችሁ፣ ይሄው ነው" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አላለችም። እንደገና ነፋችው።

"ምን አለ?" አሉ ሴቶቹ።

"አንዴ ልድገመው።"

"ተበላሽቶ ነው?"

ዳኛው ከድንጋያቸው ላይ ሰምተው "ማሽን ነው፣ ታገሡት! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ታግሻለሁ!" ብለው ጮኹ። ሰው ሳቀ። ባለቤቴ አልሳቀችም፤ የሲስተርን ፊት እያየች ነበር።

"የቀኝ ክንድሽን ስጪኝ" አለች ሲስተር።

በቀኝም ለካች። ከዚያ ጨርቁን ፈታች፣ የባለቤቴን እጅጌ ራሷ ወደ ታች መለሰችላት፣ ቀና ብላ ለሴቶቹ "አያምም፤ አይታችኋል። ተራ ያዙ፤ መጣሁ" አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ቀጥታ ወደ እኔ መጥታ ከሚኒባሱ ኋላ ወሰደችኝ።

"ስንት ወሯ ነው?"

"ሃያ ስምንት ሳምንት ከሦስት ቀን።"

"ይሄን ያህል አሳምረህ እያወቅክ!" አለች። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስትቆጣ አላየኋትም። "ክትትል የት ነው?"

የክሊኒኩን ከተማ ነገርኳት።

"የመጨረሻው መቼ ነው?"

"ጥቅምት። ታኅሣሥ ቀጠሮ ነበራት። ባናውና ይሄ ሥራ..." አልጨረስኩትም።

"በግራ መቶ ስድሳ አራት በመቶ ስምንት። በቀኝ መቶ ስድሳ ሁለት በመቶ ስምንት። ራሷን ያማታል?"

"ከጠዋት ጀምሮ።"

"ዐይኗንስ?"

"አልጠየቅኳትም።"

ትታኝ ሄደች። ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው፤ ከዚያ መድኃኒት ሰጥተው አምቡላንስ አዘጋጁ። ሚኒባሱ አጠገብ ባለቤቴን ሳገኛት ምን እንደተለካ አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችኝም። "አየሁት፣ ፊቷን" አለችኝ ብቻ። አማቴ ነጠላቸው እየተጎተተ ሮጠው መጡ።

"ወዴት ነው የምትወስዷት? ምን ሆነች?"

"እማማ፣ ልጅዎ እርጉዝ ናት" አለች ሲስተር።

"አውቃለሁ! እናት አታውቅም? ዝም ያልኩት ዐይን እንዳይገባባት ነው።" ወደ እኔ ዞሩ። በጋብቻ ዘመናችን ሁሉ እርስዎ ነው የሚሉኝ። "እርስዎም ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር እማ።"

"እኔ እርስዎ የሚያሳክሟት መስሎኝ" አሉ።

አምቡላንሱ ሊነሳ ሲል ዳኛውና ነጋዴው ባናውን ተሸክመው መጥተው አለበሷት። "ይሸጣል እኮ ይሄ" አለች ተኝታ። "ይሸጣል፣ ማን አይሸጥም አለሽ?" አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው እንደገና ዝቅ ብሎ ነበር። "እስከዚያ ተውሰሽው ነው።" የጤና ጣቢያው ነርስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ መለካት ጀምራለች። ስንወጣ በመስኮቱ አየሁ፤ የተሰለፉት ሴቶች እስከ አጥሩ ይደርሱ ነበር።

ጉሙ አልተገለጠም። ሲስተር ከኋላ ከባለቤቴ ጋር፣ እኔ ከፊት ነበርኩ። በየአሥራ አምስት ደቂቃው የሚለካው ቁጥር ይሰማኝ ነበር፤ ሁሉንም ጻፍኩ። በመካከል ሲስተር የክሊኒኩን ካርድ ከባለቤቴ ቦርሳ አውጥታ አነበበች።

"የመጀመሪያ እርግዝና ይላል" አለች።

ይህን አላውቅም ነበር። ወደ ኋላ ዞርኩ። ባለቤቴ ዐይኗን ሳትከፍት ተናገረች። "ስንተኛሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። ያ ወጣ ከአፌ።"

"የበፊቱን ሳትነግሪያቸው ምን ብለው ይጠንቀቁልሽ?" አለች ሲስተር፣ ቀስ ብላ።

"ድንኳን እንኳ አልተተከለላት" አለች ባለቤቴ።

ሰባት ሰዓት ከአሥር ላይ ሆስፒታል ገባን። የሚያንቀጠቅጥ ሕመም እንዳይመጣባት የሚሰጠውን መድኃኒትና ለፅንሱ ሳንባ የሚሰጠውን መርፌ በዚያው ሰዓት ጀመሩላት። የሽንቷ ምርመራ ውጤት በነጋታው መጣ፤ ፕሮቲን አለበት። ሐኪሙ ለየብቻ አልነገረንም፤ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ፅንሱ በውስጥ የሚቆይባት እያንዳንዷ ቀን ለእሱ ይጠቅመዋል፣ እናቲቱን ግን አደጋ ላይ ይጥላታል። ግፊቷ በመድኃኒት ካልተያዘ፣ ወይም ዐይኗ ከተጋረደ፣ አይጠብቁም። እስከ ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ቢደርስ ጥሩ ነው ብሏል። ይደርሳል አላለም፤ እኔም ይደርሳል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

በአራተኛው ቀን ሲስተር ደብተሩን ይዛ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ጥናቱ እንደተጀመረና ለሁሉም የሚቀርበውን ጥያቄ ለእሷም እንደምትጠይቃት ነገረቻት።

"በዚህኛው እርግዝና ፊትሽ ሲሞላ፣ ራስሽን ሲያምሽ፣ ምን ብለሽ ጠራሽው?"

ባለቤቴ ትንሽ አሰበች። "ምንም አላልኩትም" አለች።

ሲስተር እንዳለችው ጻፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተስ?" አለችኝ። እኔን እንደምትጠይቀኝ አልጠበቅኩም። "መንገዱ ነው ብላኝ ተቀበልኩ" አልኳት። እሱንም ጻፈችው።

አማቴ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ይውላሉ። መግባት የሚፈቀደው አንድ ሰው ስለሆነ ከእኔ ጋር ይፈራረቃሉ። ወደ ውስጥ ሲገቡ የልጃቸውን ጉንጭ አያዩም፤ እግሯን ገልጠው በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፣ ጉድጓዱ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ሲስተር ናት ያሳየቻቸው። ትናንት ሲወጡ "ዛሬ ቶሎ አልሞላም" አሉኝ። ለነርሷ ነገርኩ፤ መጥታ አየች፣ ካርዱ ላይ ጻፈች።

ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከገባን ዘጠነኛ ቀን። እርግዝናው ሃያ ዘጠኝ ሳምንት ከአምስት ቀን ሆኖታል። ሌሊቱን ራሷን እንዳመማት ጠዋት ነግራኛለች፤ ዐይኗን ጠየቅኳት፣ በመስኮቱ የሚታየውን የውሃ ታንከር ጽሑፍ አነበበችልኝ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ግፊቷ የላይኛው መቶ ሃምሳ ስድስት፣ የታችኛው መቶ ነበር። በሦስት ሰዓት ከአሥር ሲስተር ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ሰዓቷን እያየች፣ የፅንሱን የልብ ምት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። ለፅንስ ደህና የሚባል ምት ነው፤ መቶ አርባ ሁለት።